ጉሬዛውን ያነሣሁበት ጠዋት

በሰፈራው ዘመን መቱ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ፎቶ አንሺ ነበርሁ። ከሰሜን በድርቅ ምክንያት ያመጧቸውን ሰፋሪዎች ለመታወቂያ ካርድ ማንሣት ነው ሥራዬ። ሰኞ ሰኞ በላንድሮቨር ያዮ ወዳለው የሰፈራ ጣቢያ እንሄድና እስከ ዓርብ እዚያው እናድራለን። ድንኳን ውስጥ አንድ አግዳሚ አስቀምጬ፣ ከኋላው አንሶላ ወጥሬ፣ እስኪመሽ ሰው አነሣለሁ። ሁሉም ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ደረቱ ላይ ይይዛል። ቀና በሉ እላለሁ፤ ቀና ይላሉ። ወዲያው ሌላው ይቀመጣል።

ሰው ፊት በማየት ይደክማል ቢሉኝ አላምንም ነበር። እኔ ግን ደከመኝ። ምግብ ስበላ እንኳ ከፊቴ የተቀመጠውን ሰው ላለማየት ሳህኔ ላይ አቀረቅር ነበር።

በጠዋት መነሣት የጀመርሁት ያኔ ነው። ሰፈሩ ሳይንቀሳቀስ ካሜራዬን ኮቴ ውስጥ ደብቄ ወደ ቡናው ጫካ እገባለሁ። ከየፊልሙ መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ፎቶ ለራሴ አስቀር ነበር፤ ስርቆት መሆኑ አይጠፋኝም። ጤዛ የተንጠለጠለበት የሸረሪት ድር፣ ቅርንጫፍ ላይ አንድ እግሯን አንሥታ የምታመነታ እስስት፣ በበሰበሰ ግንድ ላይ የበቀለ እንጉዳይ። ለማንም አላሳያቸውም። እነሱን ሳይ ብቻ ትከሻዬ ትንሽ ይላላልኝ ነበር።

ከሁሉም የተመኘሁት ጉሬዛ ነው። ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ቅጠል ውስጥ ስለሚሆን ጅራቱን እንጂ ፊቱን አግኝቼው አላውቅም። ከጫካው ማር የሚቆርጥ አንድ የአገሩ ሰው ግን፣ ጉሬዛን በኦሮምኛ «ዌኒ» እያለ ነው የሚጠራው፣ ብርድ ባደረበት ጠዋት ፀሐይ ሊሞቅ ዝቅ እንደሚል ነገረኝና ትልቁን ዋንዛ አሳየኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዋንዛው ሥር ተመላለስሁ።

አንድ ዓርብ ጠዋት እዚያው ተቀምጬ ሳለ ሻሻቸውን ግንባራቸው ላይ ቋጥረው ያሰሩ አንዲት የወሎ እናት ጭራሮ ተሸክመው መጡ። ሸክማቸውን አወረዱና አጠገቤ ግንድ ላይ ዐረፍ አሉ። ምን እንደምጠብቅ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ወደ ላይ አዩና «እዚህ አገር ሰማዩ ራሱ ቅጠል ነው፣ ከመጣሁ ወዲህ ፀሐይ ስትወጣ አላየሁም» አሉኝ። ከዚያ ካሜራዬን አዩ።

«እኔንም አንሥተኸኛል፤ በዚያች ቁጥር» አሉ በኋላ።

ብዙ ሰው ስለማነሣ እንደማላስታውሳቸው ይቅርታ ጠየቅሁ። አልተቀየሙም። ወሎ በነበሩበት የድርቅ መጠለያ ውስጥ ልጃቸው ከእሳቸው ተለይታ እዚያው እንደቀረች አጫወቱኝ። ወደዚያ የሚሄድ የመኪና ረዳት አግኝተዋል፤ ወረቀት ቢልኩ ማንም ሊጽፈው ይችላል፣ ፎቶ ግን ታምነዋለች አሉ።

«ያለ ቁጥር አንድ ብታነሣኝ፣ ልጄ? በሕይወት መኖሬን እንድታውቅ ነው።»

ካሜራዬ ውስጥ አንድ ፎቶ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ፊት ሳይ ከርሜ አንድ ተጨማሪ ፊት ማየት አቃተኝ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

«ፊልሙ አልቋል፣ እናቴ። ሰኞ ስመለስ አነሣዎታለሁ» አልሁ።

መረቁኝ፤ ጭራሯቸውን ተሸክመው ሄዱ። ገና ሃያ እርምጃ ሳይርቁ ጉሬዛው ወረደ። ከራሴ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ነጩን ፀጉሩን በሁለት ጎኑ አንጠልጥሎ፣ እጆቹን ሆዱ ላይ አድርጎ ፀሐይ ውስጥ ተቀመጠ። እጄ ራሱ ካሜራውን አነሣው። አነሣሁት፤ ጫካው ጸጥ ብሎ ስለነበር የካሜራው ድምፅ ተሰማ።

ሴትዮዋ ቆሙ። ከነሸክማቸው ዞረው አዩኝ።

«ወጣልህ?» አሉ።

ወጥቶልኛል አልኋቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው መንገዳቸውን ቀጠሉ። በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ አልተመለስሁም። ቅዳሜ ወባ ጣለኝና መቱ ክፍሌ ውስጥ ዐሥር ቀን ተኛሁ። ስነሣ አዲስ ፊልም ይዤ ያዮ ሄድሁና ከየጎጆው ጠየቅሁ። ጎረቤታቸው የነበረች ሴት ዙሪያዋን አይታ፣ ከሌሎች ጋር በእግራቸው ወደ አገራቸው መጥፋታቸውን በሹክሹክታ ነገረችኝ። መድረሳቸውን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

በዚያው በታመምሁበት ሳምንት ፊልሙን ያጠበው ባልደረባዬ ነበር። ሌላ ጊዜ ራሴ አጥቤ የራሴን ፎቶዎች ከፊልሙ ላይ ቀድሜ እቆርጥ ነበር። አሁን ግን ከሰፋሪዎቹ መጨረሻ ላይ ጉሬዛው ተገኘ። በስብሰባው ቀን የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ፎቶውን ከፍ አድርጎ አሳየ።

«የሕዝብ ንብረት ለዝንጀሮ?» አለ።

ከኋላ አንድ ሰው ጉሬዛ ነው ብሎ አረመው። ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ቶሎም ዝም አሉ።

ተነሥቼ ግለ ሂስ እንዳደርግ ታዘዝሁ። የንዑስ ከበርቴ ስሜት አሸንፎኛል፣ ታርሜያለሁ አልሁ፤ ሁሉም እንደሚለው። ያጠፋሁት ምን እንደነበር አውቀዋለሁ፤ ግን እዚያ ቆሜ ስለ አንዲት ሴት ልናገር ብል የጠፉበትን ቀንና አብረዋቸው የሄዱትን ነበር የሚጠይቁኝ። ተቀመጥሁ።

ካሜራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔን መዝገብ ቤት መደቡኝ፤ ፎቶ በካርድ ላይ መለጠፍ ነው ሥራው። በጠዋት መነሣቱንም ተውሁት፤ ያለ ካሜራ ወደ ሶር ወንዝ አንድ ሁለቴ ሞክሬ ነበር፣ መንገዱ ረዘመብኝ።

የሴትዮዋ ካርድ እጄ የገባው ከወር በኋላ ነው። በሻሻቸው አስተሳሰር ለየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ቀና በሉ ብዬ፣ ዓይናቸው እስኪገለጥ ሳልጠብቅ አንሥቻቸዋለሁ ማለት ነው። ካርዱን ያዝ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። አለቃዬ ገባና ምን እንደገጠመኝ ጠየቀኝ። ፎቶው የተበላሸ መሆኑን ነገርሁት። ዝርዝሩን አየና የካርዱ ባለቤት ስለጠፋች ግድ የለም አለኝ። ለጠፍሁት፤ የጠፉት ካርድ የሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ ጨመርሁና የሚቀጥለውን አነሣሁ።