ወገዳን ያስመለስኩበት መጸው

ልጅ ሳለሁ፣ ገና የፊት ጥርሴ ሳይወልቅ፣ እናቴ አጸደ ሕፃናት እንድማር ብላ ከወገዳ ወደ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ አክስቴ ዘንድ ላከችኝ። ቀኑን እንደምንም እችለዋለሁ፤ ሲመሽ ግን ሆዴ ይባባል። ያኔ ከአክስቴ ጋር የሚኖሩት አያቴ ጋቢያቸውን ገልጠው አጠገባቸው ያስቀምጡኝና፣ የምድጃው ፍም እየከሰመ፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆረቆረው፣ «እንቆቅልሽ» ይሉኛል።

አያቴ እቴ፣ ለልጅ አይራሩም። መልሱ ከጠፋኝ «አገር ስጪኝ» ነው። ደብረ ታቦርን እሰጣለሁ፣ ጎንደርን እሰጣለሁ፤ እሳቸውም የሰጠኋቸው አገር ገብተው በልተው ጠጥተው፣ አጥንቱን ለእኔ ወርውረው ነው መልሱን የሚነግሩኝ። ወገዳን ግን አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።

ጥቅምት ሲገባ መምህርታችን ስለ መጸው ታስተምረን ጀመር። አደይ አበባ ወረቀት ላይ ለጠፍን፣ የባቄላ እሸት እየፈለፈልን መቁጠር ተማርን። ቀጥላም እያንዳንዳችን የወቅቱን ነገር ከደጅ አምጥተን፣ ሰፌድ ሥር ደብቀን፣ እንቆቅልሽ እንድንጠያየቅበት አዘዘችን። ይሄማ የእኔ ሙያ ነው ብዬ ኮራሁ።

ጌታነህ የሚባል ምላሱ የማያርፍ የነጋዴ ልጅ ነበር። እኔን መርጦ «ማታ ሳይታይ ይመጣል፣ ጠዋት ያብረቀርቃል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይሸሻል» አለኝ።

«ኮከብ» አልኩ።

«አይደለም። አገር ስጪኝ።»

«ደብረ ታቦርን ሰጠሁህ።»

«እሱን ትናንት ወስጄዋለሁ። ወገዳን ስጪኝ።»

ክው አልኩ። እናቴ ያለችው እዚያ ነው። እምቢ ብል ልጆቹ «ሕግ አፈረሰች» እያሉ ጮኹብኝ፤ እያለቀስኩ ሰጠሁ። እሱም «ወገዳ ገብቼ፣ እሸቱን በልቼ፣ ወተቱን ጨልጬ፣ እናትሽን በር አስጠብቄ» ብሎ ፎከረና ሰፌዱን ገለጠ፤ ጤዛ ያዘለ ሣር ነበር። ሌላው ይሳቅ እንጂ ለእኔ ጨዋታ አልነበረም። ለገና ስሄድ ከመንደሩ አፋፍ የሚመልሱኝ መሰለኝ።

ማታ አያቴ ኩራዙን አስጠግተው ፊቴን አዩ። አልሳቁብኝም።

«በእንቆቅልሽ የሄደ አገር በእንባ አይመለስም» አሉኝ። «ጠዋት ጓሮ ውጪና ዓይንሽ የያዘውን ይዘሽ ሂጂ።»

«እርስዎ አንድ ይንገሩኛ።»

«ወገዳ የማን ናት? የእኔ ናት?» ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ያን ዕለት ጠላኋቸው።

ሲነጋ ከአክስቴ ጓሮ ገብስ መሐል ገብቼ ቆምኩ፤ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ራሰ። ገና ያልበሰለውን አየሁ፣ የበሰለውን አየሁ፣ ከሁለቱም አንዳንድ ዘለላ ቀጠፍኩ። እስከ ትምህርት ቤት ድረስ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ነበር።

ተራዬ ሲደርስ ጌታነህን ጠራሁት። «በልጅነቱ ጢም ያበቅላል፣ ሲሸመግል አንገቱን ይደፋል፣ ሲሞት አገር ይደሰታል።»

«ፍየል» አለ ወዲያው።

«ፍየል ሲሞትበት የሚደሰት ባለቤት አለ እንዴ?» አለች መምህርታችን።

«እንግዲያ አያቷ ናቸው» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ጣሪያውን አየ፣ ሰፌዱን አየ፣ አጠገቡ ያለውን ልጅ በክርኑ ጎሸመ። የሚረዳው ጠፋ።

«አገር ስጠኝ» አልኩት።

ጎንደርን ሰጠኝ፤ እምቢ አልኩ። ባሕር ዳርን ከነሐይቁ ሰጠኝ፤ እምቢ። አዲስ አበባን ሲጨምርልኝ ልጆቹ «ተቀበይ፣ ተቀበይ» አሉኝ።

«ወገዳን» አልኩ።

«በይ ውሰጃት» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሰፌዱን ገልጬ ገብሱን ወደ ላይ አነሣሁት። መፎከር የእኔ ተራ ነበር፤ ወተቱንም እሸቱንም ረሳሁትና «ወገዳ ገብቼ፣ እናቴን አቅፌ» ብዬ ቀረሁ። መምህርታችን ቀድማ አጨበጨበች፣ ክፍሉ ተከተለ፤ ጌታነህ ሳይቀር። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እልል ማለት ብችል እል ነበር።

ዛሬ ሰው አገሬን ሲጠይቀኝ «ወገዳ» እላለሁ። ስለተወለድኩባት ይመስላቸዋል። መወለድማ ማንም ይወለዳል፤ እኔ ግን አሸንፌ የወሰድኳት ናት።