በረንዳችንን ያሞገስኩበት ማመልከቻ

አሜሪካ ውስጥ፣ ከኦሮራ ከተማ አፓርትመንት ወጥተን ዴንቨር የገዛነው ቤት በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መሃል የተሠራ፣ ባንጋሎ የሚሉት ፎቅ የሌለው የጡብ ቤት ነው። ትርፍ ክፍል ያለው ምድር ቤት ብቻ ስለሆነ፣ ደረጃ መውረድ የማይችሉት አያቴ ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኛሉ። አባቴ የፊት በረንዳውን ዘግቶ ክፍል ሊሠራላቸው ፈለገ። ሰፈሩ ግን በቅርስነት ስለተመዘገበ የከተማው ኮሚቴ መፍቀድ አለበት።

"ማመልከቻውን አንቺ ጻፊው" አለኝ። "ዘለሽ ጥያቄው ውስጥ እንዳትገቢ። መጀመሪያ ቤቱን አሞግሺ፣ ከዚያ ለምኚ።"

አሞገስኩ፣ ያውም ሁለት ገጽ ሙሉ። ስለ ወፋፍራሞቹ የጡብ ምሰሶዎች ጻፍኩ። "ይህ በረንዳ ቤቱ ለመንገደኛ ሰላም የሚልበት ፊቱ ነው" አልኩ። ልመናው መጨረሻ ላይ ሁለት መስመር ነበር።

መልሱ ዛሬ መጣ። አልፈቀዱም። ምክንያታቸውን ሲያስረዱ የኔን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ገልብጠውታል።

"በራስሽ ብዕር አሸነፍሽን" አለ አባቴ፣ ትንሽ ሳቅ ብሎ።

አያቴም "ምን ታድርግ፣ አሳምራ ጻፈችው" አሉ።

ማልቀስ የነበረብኝ ይመስለኛል። ምንም አልተሰማኝም። ደብዳቤውን ተቀብዬ ያቺን ዓረፍተ ነገር ደግሜ አነበብኳት፤ አንድ ቃል እንኳ አልቀየሩባትም።