ስሙ ሲጠፋ የዋለው በሬ

ሞጣ ከብት ተራ አንድ ሰው አየሁ። አረንጓዴ ቁምጣው ተደጋግሞ ተጥፏል፣ የኮንጎ ጫማው በሽቦ ታስሯል። በገመድ የያዘው ቀይ በሬ ግን ታጥቦ ያብረቀርቃል፤ ዓይኑ ላይ ዝንብ ባረፈ ቁጥር ሰውየው በጋቢው ጫፍ ያባርርለታል።

ገዢ ሲጠጋ ቀድሞ «ይዋጋል» ይላል። ሌላው ሲመጣ ደግሞ «ቀንበር ሲያይ ይተኛል።» በሬው በሰላም ያመሰኳል።

የከብት ነጋዴው አብዱልዋሂድ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ጌታው፣ ልትሸጠው ነው ያመጣኸው ወይስ ልትከሰው?» ብሎት አለፈ።

ሰውየውም ሳቀና ወደ እኔ ዞረ። «ታላቅ ወንድሜ ነው ሽጥ ያለኝ፤ የአባታችንን ተዝካር ደግሰን እናውጣ ብሎ። አሁን ይህን ከጎረቤቴ በሬ ጋር አቀናጅቼ አርሳለሁ። ከሸጥኩት ግን መሬቴን ለሌላ አራሽ ሰጥቼ ምርቱን እኩል መካፈሌ ነው። በግማሽ እህል ደግሞ ነፍስ ይቆያል እንጂ በሬ አይገዛም። አባቴም ለአያቴ ተዝካር በሬውን ሸጦ፣ ዳግመኛ በሬ ሳይኖረው ነው የሞተው።»

ገበያው ሲበተን ፊቱ ፈታ አለ።

«ወንድሜን ገዢ ጠፋ እለዋለሁ። ተዝካሩን በጠላና በንፍሮ እናወጣዋለን፤ አባቴ አይቀየመንም» አለኝ።

ከዚያ የበሬውን አንገት እያከከ መንገድ ጀመረ። «ስምህን ሳጠፋ ዋልኩ» ሲለው ሰማሁ። «አንተም አትቀየመኝ።»