አውድማው ሥር ያደረችው ቮልስ

መኪና ውስጥ ተመችቶት መተኛት የሚችል ሰው ጥቂት ነው። በቮልስ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ የሚተኛ ደግሞ በደርግ ጊዜ ከወልዲያ እስከ ላሊበላ ከእኔ ሌላ አልነበረም። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ያስተማረኝ ቁንጫ ነው። የመሠረተ ትምህርት ተቆጣጣሪ ሆኜ ላስታን ስዞር የማድረው በየገበሬው ቤት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ገላዬ በሙሉ ቆሳስሎ፣ ሁለተኛ መደብ ላይ ከምተኛ ገደል እገባለሁ ብዬ ማልሁ።

መሥሪያ ቤቱ ጂፑ ሲሰበርበት የሰጠኝ አንዲት አሮጌ ቮልስ ነበረች። ከሹፌሩ ጎን ያለውን ወንበር በመፍቻ ፈትቼ ጣልሁትና ከፊት እስከ ኋላ ወንበር የሚደርስ ጣውላ አስቆረጥሁ። በላዩ ስፖንጅ፣ በስፖንጁ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ ራሴን ወደዚያ አደርጋለሁ፤ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ያሞቀኛል። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ካላደረጉት ትንፋሽ መስታወቱ ላይ ውሃ ሆኖ ፊት ላይ ይንጠባጠባል። ከሁሉም በላይ ግን መሬቱ ሜዳ መሆን አለበት። መኪናዋ በአንድ በኩል ስንዝር ታህል ካዘነበለች ሌሊቱን በሙሉ በሩን ተደግፎ ማደር ነው። ላስታ ውስጥ ደግሞ ሜዳ ከየት ይመጣል?

በታኅሣሥ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከገነተ ማርያም አልፌ አንድ መንደር ደረስሁ። ከመንገዱ በላይ ለጥ ያለ ክብ መሬት አየሁና ደስ ብሎኝ፣ መኪናዬን ይችላት እንደሆነ ላየው ወጣሁ። ለካ አውድማ ነው። በእበት ተለቅልቋል፤ መሐሉ ላይ የተወቃ ገብስ ከነገለባው ተከምሯል። አንድ ጠና ያለ ገበሬ መንሹን ይዞ ነፋስ ይጠብቃል፤ ለደቦ የመጡ አምስት ስድስት ሰዎችም ዳር ይዘው ተቀምጠዋል።

«ጌታው፣ እዚህ ጫማ ይወለቃል» አለኝ ገበሬው።

እንዳልሰማ ሆኜ አንድ እርምጃ ጨመርሁ። መንሹን ከፊቴ አጋደመው። ድምፁ ትሑት ነው፤ እንደማያሳልፈኝ ግን ያስታውቃል።

«የእህል ቦታ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡስ ያወልቁ የለም?»

ደቦተኞቹ ሳቁ። ከሳቃቸው ይልቅ ያበገነኝ እግሬን ወደ ኋላ መመለሴ ነው። አባቴን የሚያህል ሰው ነበር፤ እኔ ግን «አንተ ማን ነህና ነው የምታዘኝ?» ብዬው ወረድሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጠላሁት። ዛሬ ማሳመር አያስፈልግም፤ ጠላሁት።

መኪናዋን ከአውድማው ሥር ባለች ጠፍ መሬት ላይ አቆምሁ። የኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገብቼ፣ ገብቼ ተጋድሜ፣ ወጥቼ ደግሞ ሌላ ድንጋይ ጨምሬ አስተካከልኋት። ይህን ሳደርግ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከአንድ ጉብታ ማዶ ካለው ቤቱ እያለከለከ ደረሰ።

«ጓድ፣ ምነው? ቤት እያለ!»

ሚስቱም የእግር ውሃ በገበቴ ይዛ ተከትላው መጥታለች። ቁርበቱ ተነጥፏል፣ እራቱ ደርሷል አሉኝ። እኔ የምተኛው እዚሁ ነው አልኋቸው። ሴትዮዋ ፊቷ ተለዋወጠ። ገበቴውን እንደያዘች መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞረቻትና፣ «እንግዲያው የእንግዳዬ እግር ይህ ነዋ!» ብላ ውሃውን ጎማው ላይ ደፍታው ሄደች። የቀረው መንደርተኛ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ አልጋዬን ያያል። አንዲት አሮጊት «ኧረ ይኼ ሰውዬ ከነነፍሱ ሊቀበር ነው» ስትል ሰማኋት። መጋረጃዬን ጋረድሁባቸው።

ሊቀመንበሩን ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር። እንግዳ ቤት ካደረ ኃላፊነቱ የባለቤቱ ነው። የመንግሥት መኪና ከነሰዉ ሜዳ ላይ ካደረ ግን ማኅበሩ ባለጠመንጃ ዘብ ማቆም አለበት፤ ሽፍታ ቢነካው የሚጠየቀው ሊቀመንበሩ ነው። ተራውን ሲቆጥር ያ የአውድማው ሰውዬ ላይ ደረሰ።

ሰውየው ሊቀመንበሩን ትቶ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

«ጌታው፣ ገብሴ ሜዳ ላይ ነው። ነፋሱ እምቢ ብሎኝ ከገለባው ሳልለየው መሸብኝ። አምና ውርጭ በላብኝ፤ ዘንድሮ ያለኝ ያ ክምር ብቻ ነው። ልጄ ዘምቷል፣ ባለቤቴ ዓይኗ አያይም። በሞቴ፣ እርስዎ ከቤት ይደሩልኝና እኔ አውድማዬ ላይ ልደር።»

«ቁንጫውን አንተ ትበላልኛለህ?» አልሁት።

ጠመንጃውን ሊያመጣ ሄደ።

አመሻሽ ላይ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ደመና መጣ። በታኅሣሥ ዝናብ ማን ይጠብቃል? ደቦተኛው ወደየቤቱ ገብቷል። ጫማዬን አውልቄ መሪው ሥር አስቀምጬ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ስቤ ሳለሁ መስታወቱ ተንኳኳ።

«ጌታው፣ ሊጥል ነው። ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል፤ ከላይ ቦይ ልቅደድለት፣ ቁርበት ላልብሰው። እርስዎ ‹ሂድ› ካሉኝ ሊቀመንበሩ አይናገረኝም። ሳይሉኝ ከሄድሁ ግን ጠመንጃዬን ቀምቶ ያስረኛል።»

«ሂድ» ማለት ምን ያቅታል? አውድማው ከመኪናዋ ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል። ሽፍታም እንደማይመጣ እሱም እኔም እናውቃለን። ለእኔ ግን የታየኝ ከፊቴ የተጋደመው መንሽ ነው፤ የሳቁብኝ ሰዎች ናቸው።

«ሊቀመንበሩን ጠይቅ፤ እኔ የዘብ አለቃ አይደለሁም።»

ሊቀመንበሩን ለመጠየቅ ጉብታውን መሻገር፣ ለዚያም መኪናዋን ጥሎ መሄድ ነበረበት። ይህን አውቄ ነው ያልሁት። «ይሁና» ብሎ ወደ ጥበቃው ተመለሰ።

ይህን ታሪክ ለሰው ባወራሁ ቁጥር ተኝቼ ዝናቡን አልሰማሁም እል ነበር። ውሸት ነው። ጣሪያው ላይ ሲወርድ ሰምቻለሁ፤ ሰውየው ደጅ ቆሞ ሲስልም ሰምቻለሁ። ገብሱም ትዝ ብሎኛል። ነገር ግን ሙቀቱ ደስ ይላል፣ ክንድን ከብርድ ልብስ ማውጣት ደግሞ ይከብዳል። ቆይቶ ግን በከፈትኋት የመስኮት ቀዳዳ ጠብታ ገብቶ ፊቴን ሲነካኝ ክንዴን አወጣሁና መስኮቱን ዘጋሁ። ያው እጅ በሩን መክፈት ይችል ነበር። ከዚያ ተኛሁ፤ እንደዚያ ሌሊት የጣመኝ እንቅልፍም የለም።

ሲነጋ ዝናቡ አባርቷል። ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ በሩን ከፈትሁና እግሬን አወረድሁ። የረገጥሁት ጭቃ ይሻክራል። ጎንበስ ብዬ ሳየው ገብስ ነው። ጎርፉ ከአውድማው ጠራርጎ አውርዶ ጎማዎቹ ሥር ከጭቃው ጋር ለውሶታል፤ ገለባው እስከ በሩ ደፍ ደርሷል። እላይ አውድማው ላይ አንዲት ሴት ተንበርክካ መሬቱን በእጆቿ ትዳስሳለች።

ሰውየው ማታ ከነበረበት ቦታ አልተነቃነቀም። ከለበሰው ደበሎ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ጠመንጃውን ግን እንዳይርስ ብብቱ ውስጥ ሸጉጦታል። ሲያየኝ እጅ ነሳ።

«እንዴት አደሩ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁት።

እግሬን አየው። ባዶውን ነው፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ እህሉ ውስጥ ገብቷል።

«ዛሬስ ጫማዎን አወለቁ» አለኝ።