በጠመኔ ያከበቡት ቦታ

ሥራዬ ቫልቭ ዲዛይን ማድረግ ነው። በሰሜን ሚኒሶታ ማዕድን ማውጫዎች እንደ አሸዋ የተፈጨ የብረት ድንጋይ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ በቧንቧ ይሄዳል። ፍሰቱን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቫልቭ ያ አሸዋ ይበላዋል። ወፍራም ብረት በጥቂት ወራት እንደ ወረቀት ሲሳሳ አይቻለሁ።

ቫልቮቹ የሚሠሩበት ፋብሪካ ውስጥ አማርኛ የምናወራው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ እኔና ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫው ማሽን፣ ላይ የሚሠሩ በዕድሜ የገፉ ሰው። ጋሼ እላቸው ነበር። እዚያው ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ሴንተር በምትባል ከተማ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። የቤታቸው ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን የለመዱት በወጣትነታቸው ጋራዥ ሲሠሩ ነው፤ ቀልድ ላይ ግን ከእኔ ይበልጣሉ። የተበላ ቫልቭ ሲመለስ ለሁለት ይቆርጡትና ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይዳስሱታል። "አሸዋው እዚህ ጋ ዞሯል" ይሉኛል።

አሸዋው እንዳይበላው ብዬ የአዲሱን ቫልቭ ውስጥ በሴራሚክ ለበጥኩት። ኮምፒውተር ላይ የሞከርኩበት ሲሙሌሽን ቆንጆ ወጣ። ጋሼ የመጀመሪያውን ናሙና አገላብጠው አዩና ከመዝጊያው በስተጀርባ፣ ሴራሚኩ የሚያልቅበትን ቦታ በጠመኔ አከበቡት።

"ልጄ፣ አየሽ፣ መውጫው ጠቧል። ውሃው እዚህ ይሽከረከርና ይበሳዋል።"

"ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ እንደዚያ አይልም።"

በማግስቱ ሚቲንግ ላይ አለቃችን ስለ ጠመኔው ጠየቀ። ጋሼ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ማስረዳት ጀመሩ። መተርጎም እችል ነበር። አለቃዬ ፊት ማነስ ስላልፈለግኩ ግን፣ "ግምት ነው፣ ዳታ የለውም" አልኩ በእንግሊዝኛ። ገባቸው። ኮፍያቸውን አድርገው ወደ ማሽናቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሰላምታ አልነፈጉኝም፤ ሥራዬ ላይ ግን አንድም ነገር ተናግረው አያውቁም።

ቫልቮቹ እንደዚያው ተሠርተው ተላኩ፤ የዚያ ዓመት በረዶ ሳይቀልጥ ግን ከማዕድን ማውጫው ተመለሱ። ሁሉም የተበሱት ያቺው ቦታ ላይ ነው። አንድ ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ቶርኖው ስሮጥ ማሽኑ ቆሟል። ቅዳሜ ዕለት ስትሮክ መትቷቸው ሆስፒታል ገብተዋል አሉኝ።

ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ድራይቭ አድርጌ ሄድኩ። ግማሽ ጎናቸው አይንቀሳቀስም። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣለች። ደህነኛውን እጃቸውን ይዤ፣ "ጋሼ፣ ልክ ነበሩ። ሚቲንግ ላይ ያደረግኩት ነውር ነው። ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። ትኩር ብለው አዩኝና በኦሮምኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ።

"አማርኛው ጠፍቶባቸዋል" አለችኝ ልጃቸው በእንግሊዝኛ። "እንግሊዝኛውም። የቀራቸው ኦሮምኛ ብቻ ነው።"

"ምን አሉኝ?"

"ማን እንደሆንሽ አላወቁም። እንግዳዋ በርዷታል፣ በልታ እንደሆነ ጠይቂያት ነው የሚሉኝ።"

ይቅርታዬን እንድትተረጉምልኝ ለመንኳት። ሞከረች፤ ቫልቩ ጋ ስትደርስ ቃል አጠራት። ሚኒሶታ ተወልዳ ያደገችበት ኦሮምኛ ለቤት እንጂ ለዚህ አይበቃም። ቁራጩን ብረት መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት። ጣታቸው ቀዳዳውን አልፈለገውም። ከበዳቸው መሰለኝ፣ መልሰው ሰጡኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዐረፉ።

መውጫውን እሳቸው እንዳሉት አስፍቼ ዲዛይኑን እንደገና ሠራሁት። ያ ቫልቭ አሁን ሰሜን ውስጥ እየሠራ ነው፤ እስካሁን አንድም አልተመለሰም። የዲዛይኑ ሥዕል ላይ ያለው ስም የእኔ ብቻ ነው። የእሳቸውም ይጨመር ብዬ አለቃዬን ጠይቄው ነበር። "ዲዛይነር አልነበሩም እኮ፤ ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም" አለኝ።

እሺ ብዬ ወጣሁ።