ሚስተር ፒኖክ እና አልረጋ ያለችው አንበሳ

አምብሮዝ ፒኖክ በሰፈራችን የታወቀው ሙት ሕፃናትን ፎቶ በማንሳት ነው። ልጅ የሞተበት ቤት ይጠራዋል፤ እሱም ሕፃኑን ትራስ አስደግፎ፣ ዓይኑን ገልጦ፣ በሕይወት ያለ አስመስሎ ያነሳዋል። “እንደኔ ደንበኞች ጨዋ የለም፤ ንቅንቅ አይሉም” ይል ነበር። እንዲህ ብሎ የሚቀልድ ሰው ነው እንግዲህ።

እኔ በአራዊት መናፈሻው በር ላይ፣ ሰው ለድቡና ለዝሆኑ የሚወረውረውን ዳቦ እሸጣለሁ። አንድ የፎቶ አንሺዎች ማኅበር በሕይወት ያለ አውሬ አጥርቶ ላነሳ ሜዳሊያ እሰጣለሁ ማለቱ በተሰማ ሰሞን፣ ፒኖክ ድንኳኑንና ሣጥኑን በጋሪ አስጭኖ ከተፍ አለ።

የመጣው ለዲና ነው። ዲና ሴት አንበሳ ናት። ጠባቂዋ ጄቤዝ ታል ከግልገልነቷ ጀምሮ ወተት እያጠጣ ያሳደጋት ነው፤ ከሷ ሌላ ዘመድ አልነበረውም።

“ጌታዬ፣ አንድ ፎቶ ለኔም ይሰጡኛል?” አለው ቆቡን አውልቆ። “አርጅታለች። ስትሄድብኝ የማያት ነገር ፈልጌ ነው።”

“ካረጋጋሃት ትወስዳለህ።”

ታዲያ ፒኖክ ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? ሱቁ ውስጥ ሰው እንዳይነቃነቅ አንገቱን ከኋላ የሚይዝበትን ብረት።

“ይህን አንገቷ ላይ ግጠምልኝ።”

“ጌታዬ፣ እርስዎ ገብተው ይግጠሙላት፤ በሩን እኔ እይዝልዎታለሁ” አለው ታል።

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ፒኖክ ገልመጥ አድርጎኝ ብረቱን ጋሪው ላይ መለሰ።

ያኔ ፎቶ የሚነሳው መድኃኒት በተቀባ መስታወት ላይ ነው፤ መስታወቱ ሳይደርቅ መነሳት አለበት፣ የሚነሳውም ንቅንቅ ማለት የለበትም፤ ዲና ደግሞ ለሱ መስታወት ደንታ የላትም። ቀኑን ሙሉ ለፍቶ ሁሉም ተበላሸበት። በአንዱ ላይ ብቻ ታል ሲጠራት ዞር ስትል ተይዛለች፤ ጭንቅላቷ ሁለት ሆኖ እንደ ጭስ ደብዝዟል፤ ግን ራሷ ዲና ናት። ታል ሲያያት እንባው መጣ።

“ይቺን ይስጡኝ።”

“ይኼማ ቆሻሻ ነው። ጥሩው ሲወጣ ትወስዳለህ።”

በጥቅምት ዲና ሞተች። ሬሳዋ ከፍርግርጉ ሳይወጣ ፒኖክ ደረሰ። የለመደውን ሙያ አወጣው፤ ደረቷን በእንጨት አስደገፈ፣ ዓይኗን ገለጠ፣ አነሳት። ጺሟ አንድ በአንድ የሚታይ ፎቶ ወጣ። “ሕያዋ አንበሳ” ብሎ ሰየማት። ዳኞቹም እንዴት ብትረጋለት ነው እያሉ ተደነቁ፤ ሜዳሊያውንም ሰጡት።

ታል ሱቁ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ፒኖክ ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ ሰክቶ፣ የተሸለመችውን ፎቶ በወረቀት አትሞ ዘረጋለት።

“ይቺን አልፈልግም” አለ ታል። “ዞር ያለችውን ነው የምፈልገው።”

“ያችን? ከመስታወቱ ላይ አጥቤ አጥፍቻታለሁ እኮ። መስታወት እንዲሁ ይጣላል እንዴ? ይቺን ያነሳሁት በዚያው ላይ ነው።”

ታል መስታወቱን ልየው ብሎ ለመነ። ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ሄደና፣ ከሬሳዋ ሥር ያችኛዋን እየፈለገ በብርሃኑ ላይ ሲያገላብጥ ቆየ።

“ኋላ እንዳትሰብርብኝ” አለው ፒኖክ።