የአባቴ መንጋጋ

ባለፈው ሳምንት አምቦ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሐኪም አፌን በመብራት ስታይ ቆየችና፣ «አባባ፣ ይህን መንጋጋ ማን ሞላልዎት? ጥሩ ሠርቶታል» አለችኝ። ደስ እንዲለኝ ብላ ነው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ አባቴን ሳስብ ዋልኩ።

በደርግ ጊዜ እዚሁ አምቦ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጥርሴን ሲያመኝ የሕክምና ወረቀት ተጻፈልኝና አዲስ አበባ ሄድኩ። ቦርቡረው፣ ሞልተው፣ ሳይነቅሉ መለሱኝ። ወረቀቱ ለሠራተኛው፣ ለሚስቱና ለልጆቹ ነበር፤ ለወላጅ አይሠራም።

አባቴ ጌዶ አጠገብ ገበሬ ነበር። በሰርግ ሲመርቅ ቃሉ ጥርት ስለሚል ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር ይጠሩት ነበር። ከአዲስ አበባ በተመለስኩበት ክረምት መንጋጋውን እንዳመመው ሰምቼ በጭቃው ስዳክር ደረስኩ። ጉንጩ አብጦ፣ የቀዘቀዘ ገንፎ በአንድ በኩል ያላምጣል። በገበያ ቀን ጥርስ የሚነቅል ድሬሰር ነበር፤ ከመንቀል ሌላ የሚያውቀው ሕክምና የለም። አባቴ እሱ ዘንድ ቢሄድ፣ ሰውየው የታመመውን ትቶ ጎን ያለውን ጤነኛ ነቅሎበታል።

«አባዬ፣ ታዲያ ለምን ዝም አልከው?»

«ሰውየው ላብ በላብ ሆኗል። ከኋላዬ ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ ያያል። በሰው ፊት ላሳፍረው? መርቄው ወጣሁ።»

ተናደድኩ፤ ግን አባቴ እንዲህ ነበር፣ ምን አደርገዋለሁ። ገንፎውን ገፋ አደረገና፣ «ያንተንስ አዲስ አበባ ነቀሉት?» ብሎ ጠየቀኝ።

በወረቀቱ ልወስደው አልችልም፤ ከኪሴ ላሳክመውም አቅም ያለኝ አልመሰለኝም። «አዎ፣ ነቀሉት» አልኩት።

«አይዞህ፤ የእኛ ዘር ጥርስ አይበረክትለትም» ብሎ አጽናናኝ። በሚቀጥለው ገበያ ሄዶ የታመመውን አስነቀለ። ከዚያ በኋላ ሌላው ባመመው ቁጥር እዚያው ይሄድ ጀመር፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ የፊቶቹም አለቁ።

እኔ ሳገባ ሽማግሌዎቹ መርቅ ብለው ወደ እሱ ዞሩ። በጋቢው ጫፍ አፉን ሸፈነና ምርቃቱን ለጎረቤታችን ለኦቦ ገለታ አሳለፈው። ኦቦ ገለታ ደግ ሰው ነበሩ፣ ረጅም ምርቃትም መረቁን። አንድም ቃል አላስታውስም፤ አባቴ መሬት መሬት ሲያይ ብቻ አስታውሳለሁ።

እንዳይቆጨው ብዬ ነው የዋሸሁት እያልኩ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ። ዛሬ ሳስበው አፍሬ ነው። አባቴ የታመመ ጥርስ ሳይነቀል እንደሚድን ሳያውቅ ሞተ፤ እኔ ልጁ እያወቅኩ።